የአይናዲስ ወረቀት

ጅማ ከገባሁ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ፤
ሻንጣ ነው ወንበሬ፣ ጠረጴዛም ለኔ።
በደረት ኪሴ ውስጥ፣ አራት ቦታ ታጥፋ፣
ወረቀትሽ አለች፣ ከላቤ ተቃቅፋ፦
«ውሃ የማይጠፋው፣ ጧት ፀሐይ የሚያገኝ፣
ከአስፋልቱ ፈቀቅ፣ አቧራ እንዳያንቀኝ፣
ትምህርት ቤት የቀረበ፣
ጎረቤት ያልበዛው፣ ቤት ላይ ቤት ያልተደራረበ።»
ከታች በቀይ ቀለም፣ ሁለቴ ተሰምሮ፦
«ክፍሉን ቆጥረህ ደውል፤ ሳትቆጥር እንዳትከፍል!»
ይህን ለኔ!
ሃያ ሁለት ዓመት የመብራት ቆጣሪ ሳነብ ለኖርኩት።

ደላላው ነዚፍ ይባላል፤ ፍንጭት ጥርስ፣ ፈጣን እግር፣
ዝናቡ ቢያባራ እሱ አያባራ፤ መጥፎ ቤት የለም በሱ ሀገር።
መጀመሪያ የወሰደኝ ፈረንጅ አራዳ ነበር፤
ጣሪያው ሩቅ፣ ወለሉ ጣውላ፣ ሲረግጡት የሚናገር።
ደስ አለኝ። ግን ልማድ ሆኖ ዓይኔ ቆጣሪው ላይ አረፈ፤
ሰው የለ፣ አምፖል አልበራ፣ እሱ ግን ይዞራል እየከነፈ።
አንድ ሰው ከዚህ ቤት ሽቦ ይስባል፤
ዝም አልኩ። የማያውቁትን ሰፈር በክስ መጀመር ይከብዳል።

ከዚያ ኪቶ፣ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ፤ ብሎኬት፣ ብሎኬት፣ ብሎኬት፤
ቀለሙ ሳይደርቅ ዋጋው የጨመረ ቤት።
ውሃ አለው። ፀሐይ አለው። ሰውም አልበዛበት።
ወረቀትሽን አውጥቼ አንድ በአንድ ምልክት አደረግሁበት።
ታዲያ ምነው ቅር አለኝ?
አንድ ሰዓት ሙሉ በሩ ላይ ቆሜ «እንዴት ዋልክ» የሚል አጣሁ፤
ውሻ እንኳ አልጮኸብኝም።
«አስብበታለሁ» ብዬ ወጣሁ።

በቦዬ በኩል ደግሞ አንድ ርካሽ፣ ከረግረጉ አፋፍ፤
ነዚፍ መዳፉን እንደ ጡሩምባ አፉ ላይ አድርጎ፣ የእንቁራሪቱን ጩኸት ሊያልፍ፣
«ጸጥ ያለ ሰፈር ነው!»
ብሎ ጮኸ።

ሐሙስ ለታ ያለ ነዚፍ በእግሬ ወጣሁ የጅሬንን መንገድ፣
ደመናው ጭቃ እንደፈራ ሰው ዳገቱን ቀስ ብሎ ሲወርድ።
አቮካዶ ሥር አንድ ቤት፤
የዛገ አሸንዳ ተንጠልጥሎ፣ ምስማሩ ረግፎ፤
መሰላሉ ላይ፣ መዶሻ ይዛ፣ አንዲት ባልቴት፦
«አንተ ሰው! ቆመህ ከምታይ ያዝልኝ ይህን እንጨት!»

ያዝኩ።

አዴ ሸምሲ ይሏታል። ከላይ ሆና፣ ምስማር በከንፈሯ ነክሳ፣
ጥያቄ ታወርድብኝ ጀመር፣ እንደ ዳኛ ተኮፍሳ።
«ሚስት አለህ?» «አለች።» «ትስቃለች?»
እንዲህ ተጠይቄ አላውቅም። «ካላሳቋት ትቆጣለች።»
«ልጅስ?» «አንዲት፣ ሰባት ዓመቷ።» «ዛፍ ትወጣለች?»
እዚህ ላይ መልስ አጠረኝ።
«እድር ትገባለህ? ለቅሶ ሲጠራህ ትነሳለህ ሌሊት?
የመስጊድም ይሁን የቤተ ክርስቲያን ቀብር፣
አካፋ አለህ ቤት?»
አካፋ የለኝም። «እገዛለሁ» አልኩ።

ለካ ሰፈርም ተከራይ ይመርጣል፤
ሳይጽፍ፣ ሳያሰምር፣
መሰላል ላይ ሆኖ።

ዝናቡ መጣ። አልወረደችም። አልለቀቅሁም።
አንድ አቮካዶ ቆርቆሮው ላይ ዱብ ሲል ሁለታችንም ደነገጥን፤
ተያየን፣ ሳቅን።
የመጨረሻዋ ምስማር ስትገባ አሸንዳው ተንጎራጎረ፣
ውሃው በርሜሉ ውስጥ መናገር ጀመረ።

ማታ ደወልኩልሽ።
«ውሃውስ?» ማክሰኞና ዓርብ፤ ሌላውን ቀን በርሜል።
«ጭቃውስ?» አለ። ለልጅቷ ቦቲ ይዘሽ ነይ።
«ጎረቤትስ?» ከየት ልጀምርልሽ?
«ከፈልክ እንዴ?» የሦስት ወር።
ትንሽ ዝም አልሽ።
«እሺ፣ ስንት ክፍል ነው?»

አይናዲስ፣
የሰው ቆጣሪ ሳነብ የኖርኩ፣ በአንድ ቁጥር ተሳስቼ የማላውቅ ሰውዬ፣
የመሰላሉ ስንጥር መዳፌ ውስጥ ገብቶ እየጠዘጠዘኝ፣
ወደ ውስጥ እንዳልገባሁ
ያኔ ትዝ አለኝ።