ጅራቱ የተከረከመ ስም

በቺሎዌ ደሴት በዝናብ ሰው አይገረምም፤
ጣራው ይቆጥረዋል፣ ማንም አይሰማም።
የዶኛ ኤዱቪሄስ፣ ያ የእንጨት ትምህርት ቤት፣
ባሕር ላይ ቆሟል፣ ማዕበል ከሥሩ እያለፈበት።

አሥራ ሁለት ኮምፒውተር፣ ያረጁ፣ ወፍራም፣
ከባንክ የተጣሉ፣ ሲነሡ የሚያቃስቱ ሁሉም፤
ስምንት ደግሞ ደቃቅ፣ እንደ ክብሪት ቀፎ፣
ዘንድሮ በጀልባ የመጡ፣ አንዱ ባንዱ ታቅፎ።

ኢንተርኔቱ ከሰማይ ነው፣ የሚሰፈር በቁና፤
ሲያልቅ አለቀ ነው፣ አይሰማም ልመና።
ሃያው በየፊናው ያንኑ ጥቅል ሲያወርድ፣
ወሩ በገባ በዘጠኝ ኮታችን አመድ።

«አንዱ ያወረደውን ሌላው ለምን ይደግማል?»
አለ አብዶን፣ የጀልባ ሬዲዮ ጠጋኙ፤ እጁ ናፍጣ ይሸታል።
ከድንች መጋዘኑ ጥግ አንድ ማሽን ተከለ፤
«ጎተራችሁ ይህ ነው፣ ከዚህ ትወስዳላችሁ» አለ።
የፋይሎቹ ስም ረዝሞ ዓይኑን ቢያደክመው፣
መጨረሻቸው ላይ ያለችውን፣ «ለማን» የምትለውን፣ ከረከመው።

ሳምንት ሰላም ነበር።

ማክሰኞ የኔዋ፣ አሥራ ሰባተኛዋ፣ ደቃቋ፣
ሥዕል መሣያውን ልክፈት ብል፣ ጨለመ መስታወቷ።
አንዲት መስመር ጻፈች፦ «ይህን ማንበብ አልችልም።»
ስሙ ያው፣ ቁጥሩ ያው፣ አንዲት ፊደል አልጎደለም።

አብዶን አፈጠጠ፣ አፈጠጠ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ፣
ግንባሩን በመዳፉ መታና ተከዘ፦
«ለኢንቴል የተፈጨውን ለአርሟ አጉርሻታለሁ፤
ሞክሼን ከሞክሼ አምታትቻለሁ።»

ኤዱቪሄስ ሳቀች፦ «በዚህ ደሴት ስንት ሆሴ አለ?
የቤቱን ቀለም ካልጻፍሁ ደብዳቤዬ የትም ዋለ።»

ጅራቶቹ ተመለሱ፣ መደርደሪያው ተከፈለ፤
ለወፍራሞቹ ለብቻ፣ ለደቃቆቹ ለብቻ።
ቅር አለኝ፦ «ታዲያ መጋራቱ የታለ?»

«ከአርባው ጊጋ ዘጠኙ» አለኝ፣ ሳያባብለኝ፤
«የቀረው ሁለት ጊዜ ይወርዳል፣ ሌላ ዘዴ የለኝ።»
ዘጠኝ! አኮረፍሁ።
                      እሱ ግን በጣቱ
አንዲት ሦስተኛ ጅራት አሳየኝ፣ ከዝርዝሩ ታች ከቤቱ፤
«ለሁሉም» ትላለች።
እዚያ ያለው ገና ለማንም አልተፈጨም፣
ሁሉም በየጥርሱ ያኝከዋል እንጂ አይተፋውም፦
የፊደላት መልክ፣ የካርታ ቀለማት፣
የየከተማው ሰዓት፣ ትልቁ መዝገበ ቃላት።

ሐሙስ ሌሊት አንዱ ሽማግሌ፣ ያ የሚያቃስተው፣
መዝገበ ቃላቱን ከሰማይ ጎትቶ አወረደው።
ዓርብ የኔዋ ደቃቅ፣ ከድንቹ ጎን፣ ከጎተራው፣
ዓይኔን ሳልከድን አመጣችው።
«ጅራት» ብዬ ፈለግሁ። ትርጉሙ አራት ነበር፤
አራተኛውን ሳነብ ኤዱቪሄስ መብራት አጠፋች።
ዝናቡ እንደነበረ ነበር።
ወሩ ሃያ ሦስት ሆኖት፣ ኮታው ገና ነበር።