ገና እየጫነ ነው

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ ሰባ ሁለት፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
መስታወት ያልገባለት መስኮት አለ፣ ሜዳውን የሚያሳይ።
ኔትወርክ እዚያች ብቻ ናት፤ አንድ ክንድ ወዲህ ካሉ ትጠፋለች፣
እንደ ሰው ቤት ድመት ናት፣ ደጃፍ ድረስ ብቻ ትሸኛለች።
ውጤት ተለቀቀ በተባለ ማታ
ደረጃው ሞልቶ ነበር፣ ጄሪካን እንኳ አጥቶ ቦታ።

ታናሼ ሌንሳ ናት ከፊት። የያዘችው የኔን አይቴል፣
ጥጉ የተሰነጠቀ፣ ጀርባው በላስቲክ የታሰረ፣ ሙቀቱ እጅ የሚያቃጥል።
ፎቶ አያሳይም፤ አጥፍቼበታለሁ፣ ጥቅሌን እንዳይበላ፤
ገጽ ሲከፍት ፊደል በፊደል ነው፣ አንዱን አውርዶ ሲያበቃ ሌላ።
እንደ በጋ ቧንቧ፦
ጠብ፣ ዝም፣ ጠብ፣
ባልዲው እስኪሞላ ቆሞ ማሰብ።

የምንተስኖት ስልክ ሌላ ነው።
ረዳት ነው፤ ከኮዬ ቃሊቲ ሲመላለስ ውሎ፣
በዕቁብ ዕጣው ገዛው ሳምሰንጉን፣ የፊቱን ላስቲክ እንኳ ሳይልጥ፣ «ይኑርበት» ብሎ።
ሲነኩት ገጹ ይዘረገፋል፣ ከነቀለሙ ከነማስታወቂያው፣
የፀጉር ቅባት፣ የሚሸጥ ቪላ፣ እንደ ቅዳሜ ገበያው።
የዘውድነሽ አይፎን ደግሞ ከቻርጀር ከተነቀለ አይቆይም፣
መብራት በጠፋ ቁጥር በድን ነው፤ ቁንጅናው እንኳ አይታይም።
ያን ማታም መብራት አልነበረም።

የሌንሳን የመለያ ቁጥር ሁላችንም በቃል ይዘናል፣
ሰባት አሃዝ፤ ስናጥብ፣ ስንከትፍ፣ ደረጃ ስንወጣ ስንለው ውለናል።
ምንተስኖት ከኋላዬ ቆሞ ጻፈው፣ ጫን አደረገ፣
ስዞር፣ ስክሪኑ ቢያበራም፣ ፊቱ ግን ወደ ኋላ አፈገፈገ።
ዘንበል አርጎ አሳየኝ። ቁጥሩ ጥርት ያለ፣ ትልቅ፣
እንደ ቤት ቁጥር፣ የማያሻማ፣ የማይደብቅ፦
ከማለፊያው አራት ነጥብ ዝቅ።

አራት። አንድ ጥያቄ ናት፣ ቢበዛ ሁለት፤
በሰው ግቢ፣ በሰው አልጋ፣ እንቅልፍ አልባ ካደረች ሌሊት፣
ጠዋት እጇ እየራደ ያጠቆረችው አንድ ክብ፣ ምናልባት።

ሌንሳ ግን አታውቅም። የኔ አይቴል ገና እየጫነ ነው።
ክቡ ይዞራል። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ታየዋለች፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው።
«መጣ! መጣ!» አለች። የመጣው የገጹ አናት ነው፣ ርእሱ፣
ቆይቶ ስሟ፣ ከነአባቷ፤ ከዚያ ቀጥ፣
አሸዋ እንደ ጫነ ሲኖትራክ፣ ዳገት ላይ፣ አጥሮት እስትንፋሱ።

ይህን ስልክ ቀርፋፋ ብዬ ስንት ጊዜ ረግሜያለሁ፣
ልለውጠው ብዬ መርካቶ ድረስ ወርጄ ዋጋ ጠይቄያለሁ፤
ያን ማታ ግን በሆዴ፣ «ቀስ በል የኔ ወንድም፣ ቀስ» እያልኩ ለምኜዋለሁ።
ሁለት ደረጃ ከፍ ብሎ፣ በምንተስኖት እጅ ላይ፣ ነገሩ አልቋል፤
ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ ልጅቱ ሐኪም ናት፣ መሐንዲስ ናት፤ ክቡ እስከዞረ ይበቃል።

ምንተስኖት ስልኩን ኪሱ ከተተ። «አልከፈተም» አለ፣ ጮክ ብሎ፣
«ስሙ ብቻ ነው ሰፊ!»፤ ያን የሚመካበትን ስልክ በሰው ፊት አቃልሎ።
ሌንሳ ዞራ ሳቀችበት። «የኛ ይሻላል!» አለች፣
ጎባጣውን አይቴል እንደ ዋንጫ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ያዘች።

ባትሪው አሥራ አንድ በመቶ። ጥቅሉ ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ቀረው፣
ከታች የዘበኛው ውሻ ሜዳው ላይ ይጮሃል፣ ምን እንደታየው።
ትከሻዋን ያዝኩ፣ «በረደሽ?» አልኳት።
አልሰማችኝም።
ገና እየጫነ ነው።