የምስጋና ገጽ

ዘኺራ፣ ከዶሃ ሰሜን፣ ባሕሩ ሲሸሽ፣
ጭቃው እስከ ጉልበት፣ ወበቁ ሲያንገሸግሽ፣
ሦስት ዓመት ቅጠል ለቀምሁ ከማንግሮቩ ጫካ፣
ባሕር ጠጥቶ አዳሪ፣ ጨው የሚያልበው፣ ለካ።
ቅጠሉን ገልብጬ ስልሰው፣ ጨው ጨው አለኝ፤
የግንበኛ ሸሚዝ፣ በሐምሌ፣ መሰለኝ።

ጥያቄዬ ጠባብ፣ የመርፌ ቀዳዳ፦
በቅጠሉ ሴል ደጃፍ፣ ዓይን በማያየው ጓዳ፣
ቆሟል አንድ ፕሮቲን፣ እንደ በር ጠባቂ፣
ወጪና ገቢውን ወረቀት ጠያቂ፤
ውሃውን «እለፍ» ሲል፣ ጨውን «ተመለስ» የሚል፤
ማን ነው ያዘዘው እሱን? በየትኛው ፊደል?

ለእናቴ በስልክ ሳስረዳት፣ «ዶክተር ልሆን» ብዬ፣
«ታዲያ ለጉልበቴ ምን አለ፣ ዓለምዬ?»

ሌሊት ፎቁን የምታጸዳ ሴት ነበረች።
ካርዷ «ሐሊማ» ይላል፤ ሐሊማ አልነበረች፤
ወረቀቷን የሠራ ደላላ ነው ስሙን ያወጣላት፣
ዕድሜዋም ላይ ስድስት ዓመት የመረቀላት።
ከእናቴ ጋር ሳወራ አማርኛዬን ሰምታ፣
መወልወያዋን ተደግፋ ቆመች ለአንዳፍታ፤
«የአገሬ ልጅ፣ በዚህች ብልቃጥ ምን ታበስላለህ?»
«ቅጠል» አልኋት።
«ምነው፣ ጎመን አጥተህ?»

የዒድ ዋዜማ ነበር። ሰው ሁሉ ተበትኖ፣
ሕንፃው እንደ ተተወ ቀፎ ባዶ ሆኖ፣
ሰማንያ ከዜሮ በታች የሚያድረው ፍሪዘር
ጮኸ። የአምስት ዓመት ትንፋሼ በውስጡ ነበር።
አርኤንኤ ከቀለጠ፣ እንደ ወጣ ምሥጢር፣
በምንም አትመልሰው።
እኔ ተኝቼ ነበር፣
የስልኬን ድምፅ ዘግቼ።

ማንም አላስተማራት። ከመስታወቱ ማዶ
እጄን ስታይ ኖራለች፣ ወለሉን ስትወለውል እስኪመስል በረዶ፤
የቱ ሳጥን ከየቱ ሥር፣ የቱ መዝጊያ እንደሚጠብቅ፣
አንድም ቀን ሳትጠይቀኝ፣ እኔም እንደምታይ ሳላውቅ።
ጠዋት ስደርስ አገኘሁ መቶ አርባ ሁለቱን
በጎረቤት ፍሪዘር፣ ሳይስቱ ተራቸውን።
ጣቶቿ ተልጠዋል፣ ብርዱ እንደ እሳት ፈጅቷቸው፤
«ሲጮህ ሕፃን መሰለኝ» አለች፣ በጨርቅ ጠቅልላቸው።

በዓመቱ በር ጠባቂው ተገኘ። ምዕራፍ አራት፣ ሥዕል ሰባት።
መልኩ ታወቀ፤ ስምም ወጣለት፦
ሦስት ፊደልና አንድ ቁጥር።
ኮሚቴው ስለ ስሙ ግማሽ ቀን ተከራከረ።

የቀረኝ የምስጋና ገጽ ነበር።
አማካሪዬን አመሰገንሁ፣ ገንዘብ የሰጡትን፣
ጀልባውን የቀዘፈልኝን የኬረላውን ሰው፣ ኩንጁሞንን።
ከዚያ «ለ» ብዬ ጻፍሁ፤
እጄ ከቁልፉ ላይ ቆመ።

ፈልጌ አገኘኋት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ደረጃው ሥር።
«የትኛውን ስም ልጻፍ?» አልኋት።
ባልዲዋን አስቀመጠች።
ውሃው እስኪረጋ ድረስ ዝም አለች።

«ሐሊማን አትጻፍ። ሐሊማ ያን ፍሪዘር አልነካችም።
የነካችው እናቴ ስም ያወጣችላት ናት፤
እሷን ብትጽፋት ደግሞ፣ ጌታው፣
እሷ እዚህ አገር አልገባችም።»

አንሥታ ሄደች። ባልዲው ሲንኳኳ
እስከ አሳንሰሩ ድረስ ተሰማኝ።

እንግዲህ የመጽሐፌ ገጽ ዘጠኝ ላይ
«ለ» የምትል አንዲት ፊደል አለች፤
ከኋላዋ ነጭ፣ ሙሉ መስመር፣
ጨው እንደ ቀረበት የደረቀ ቅጠል።

ከፈታኞቹ አንዱ በቀይ ከበባት፦
«የተረሳ ቃል አለ፤ ይስተካከል።»

«እሺ» አልሁት።
አላስተካከልሁም።