ጣሪያ ይኑረው

ሦስት ወር ሣልኩት፤ ሦስት ወር ፋቅሁት፤
በጦሳ ግርጌ፣ ከሆጤ ወዲያ፣ መሬቱን ለካሁት፤
ቱምቢዬን ጥዬ፣ ውሃ ልኬን ይዤ፣
ወገቤ እስኪጎብጥ፣ ዓይኔ እስኪቀላ፣ ወረቀት ላይ ፈዝዤ።

ኮሚቴው ያለኝ፦ «ሐውልት ይሁን፤ ረጅም፤ ከሩቅ የሚታይ፤
ጠመንጃ ያነገተ፣ በነሐስ የቆመ፣ ከመናኸሪያው በላይ።»
እኔ ግን የተማርኩት፦
ባዶ ቦታ ይናገራል፤
ዝምታም ግድግዳ ይሆናል።
ስለዚህ አራት ግንብ ሣልኩ፤ መካከሉ ክፍት።
የገባ ሰው ቀና ይበል፤
የኅዳርን ሰማይ ይይ፤ አውሮፕላን የመጣበትን፤
ያ ጥርት ያለ ባዶ ይንገረው፣ እኛ መንገር ያቃተንን።
ደግሜ አየሁት። ኮራሁ። ፈረምኩበት።

ድንጋይ ፍለጋ ቦርከና ወረድኩ፣ ከአያ እንድሪስ ጋር፣
ጥሊያን ካሠራው፣ ጎርፍ ከናደው፣ ከአሮጌው ድልድይ ዳር።
መዶሻውን አስቀምጦ፣ አንዱን ድንጋይ በመዳፉ ጠረገ፤
ጣቴን ይዞ፣ እንደ ዕውር፣ ከጀርባው አንዲት ጭረት ፈለገ።
«የአባቴ ናት። ጠራቢ ነበር፤ በዱላ፤ በቀን አንድ ሊሬ፤
ሦስቱን ይጠርብና፣ በአራተኛው ጀርባ ይጭራታል፤
ለማን ብሎ እንደሁ እንጃ፣ እስከ ዛሬ።»
ቅርጹ የነሱ ነው፤ ድንጋዩ የጦሳ፤ ጭረቷ የሙሄ።
ጀርባው ፊት ይሁን፣ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?
በሲኖ ጭነን ወጣን።

እትዬ ጦይባን ለምርቃት ጠራናት፤
የካርቶን ሞዴሉን ጠረጴዛ ላይ አኖርንላት።
ጎንበስ አለች፤ ከመነጽሯ በላይ አየችው፤
እንደ ታማሚ ልጅ ግንባር፣ በጣቷ ጫፍ ነካችው።
«በሩ ይሄ ነው?»
«አዎ፣ እትዬ።»
«ጣሪያውስ?»
ይቺን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር፤ ፈገግ አልኩ፤
«የለውም። ሰማዩን እንዲያዩ ነው።»

ዝም አለች።
ከውጭ ባጃጅ ጮኾ አለፈ።

«እናቴ ከዚያ ወዲህ፣ ሰማይ ጠርቶ ከዋለ ከቤት አትወጣም፤
ገበያዋ በደመና ነው፤ ፀሐይ ካለ ልብስ አታሰጣም።
ዳውዶ ላይ ነው፤ ሁለት ወንድሞቿ፤ ቀና ብለው ሲያዩ፣
‹ምን ያለ አሞራ ነው?› ሲባባሉ፣ እዚያው ተለዩ።
አርባ ዓመት፣ ልጄ፣ አርባ ዓመት አንገቷን ደፍታ ሄደች፤
ሰው ትሑት ናት ይላታል፤ እሷ ግን ሰማዩን ፈራች።
አሁን አንቺ ደግሞ፣ ስንገባ፣ ቀና በሉ ትይናለሽ?
ጣሪያ ይኑረው። ዝቅ ያለ። ቆርቆሮ አይሁን፤ ዝናብ ሲመታው ያጓራል፤
ሣር ይሁን። ሣር ዝም ይላል።»

ከዘራዋን አነሣች፤ ከበሩ ደርሳ ዞረች።
«ስም ትጽፋላችሁ አሉ?»
«ግድግዳው ላይ፣ እትዬ።»
«ሦስተኛ ወንድም ነበራት፤
የነሱን ዱቄት የበላ፤ መንገድ የመራ፤
ስሙ በቤታችን፣ ሞቶም፣ አልተጠራ።
ከእነዚያ ጋር አትጻፊው፤ አደራ።
አትተዪውም ደግሞ።
ደፉ ላይ ጻፊው፤ የገባ ሁሉ ይርገጠው፤
ወይም…»
አልጨረሰችም። ደረጃውን ወረደች።
ምርቃቱን ረሳችው፤ ወይም ነፈገችን።

ያን ሌሊት ላጲሱ አለቀ።
ጣሪያው ወረደ፤ በሩ አጠረ፤
የኮሚቴው ሰብሳቢ ቁመቱ ረጅም ነው፤ ጎንበስ ሳይል አይገባም።
መስኮት አንድ፤ ከወገብ በታች፤
ሣሩንና የአላፊዎችን እግር ያሳያል፤ ሰማይ አያሳይም።
የሙሄ ጭረት ከመቀመጫው አጠገብ፤ የተቀመጠ እጁ ያገኛታል፤
ካላገኛትም አትከፋም፤ መጠበቅ ለምዳለች።

ደፉ ብቻ ቀረኝ።
የቤተ ክርስቲያን ደፍ ይሳማል፤
የመስጊድ ደፍ ላይ ጫማ ይወልቃል፤
የዚህኛውስ? ይረገጣል? ይዘለላል?
ፕላኑ ላይ ያቺን አንድ ሜትር ከሃያ
በነጭ ትቼአታለሁ።

ኮሚቴው ሰኞ ይፈልገዋል።