በባዶ እጅ አይገባም

«ሰው ቤት በባዶ እጅ አይገባም» ትል ነበር እናቴ፤
ብርቱካን ወይ ዳቦ ሳልይዝ አልወጣም ከቤቴ።
ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር
በባዶ እጅ የገባሁት አንድ ቤት ብቻ ነበር፤
ሳሎኔ ውስጥ የቆመ፣ ግድግዳው መስታወት፣
ጣራ የሌለው ቤት፣ ጨው ውሃ የሞላበት።

ገመዳ ነው ያመጣልኝ፣ የጅቡቲ መስመር ሹፌር፤
ሌላው ሽቶ ሲጭን፣ ሌላው ጨርቅ ሲደብቅ ከወንበሩ ሥር፣
እሱ በባልዲ ባሕር ይዞ አዳማ ገባ።
«እንካ ሰዓት ሠሪ፣ ይሄ ደግሞ
ሳትሞላው የሚሠራ» አለኝ ደጄ ቆሞ።

ኮራል ነው አለኝ። እኔ የማውቀው መርጃን
እናቴ አንገት ላይ የነበረውን፣
ቀዩን፣ ደረቁን፣ ዝም ያለውን።
ይሄኛው ጠዋት ይከፈታል፣ ማታ ይታጠፋል፤
አበባ መስሎ ቆሞ፣ አፍ አውጥቶ ይበላል።

እሑድ ቀን፣ ነፋሱ የፍራንኮን አቧራ በመስኮት ሲያስገባ፣
አንዱ ከድንጋዩ ወድቆ አየሁና
እጄን እስከ ክርኔ ሰደድኩ።
ጣቴ ላይ ዓርብ ዕለት መፍቻ የጫረኝ መስመር ነበር፤
እኔ ረስቼዋለሁ።
እሱ አልረሳውም።

ሌሊቱን ጣቴ አበጠ፣ ቀለበቴ ጠበበኝ።
«ባሕር ሄደው ነበር?» አለኝ ወጣቱ ሐኪም፣ ግራ ገብቶት እያየኝ።
«የለም፣ ከፍራንኮ ነው የመጣሁት።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ
አሥራ አንድ ሰዓቶች ጠረጴዛዬ ላይ ተኙ፣
እያንዳንዱ በየራሱ ሰዓት ቆሞ።
የጤፍ ፍሬ የምታህል ብሎን
በወረንጦ ማንሳት ያቃተው ጣት
ምን ይባላል? ምንስ ይበላል?

ዚነት አልተቆጣችም። ከወንድሟ ከነጋሳ፣ ከከብት ሐኪሙ፣
ላም የሚመረመርበትን፣ እስከ ትከሻ የሚደርሰውን ጓንት
አምጥታ ጭኔ ላይ ጣለችው።
ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«መጀመሪያ እፍ በልበት፤ እንደ ፊኛ ንፋው፤
የመርፌ ቀዳዳም ካለው ራሱ ይነግርሃል።
ጭረትህን በፕላስተር ሸፍን።
ላብህ ቢወርድ ይውረድ፣ ዓይንህን እንዳትነካ፤ መነጽርህንም አድርግ።
ድንጋዩን አውጥተህ በደረቁ አትፈግፍግ፣
በፈላ ውሃማ በፍጹም! መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር ይነሣል፣
ልጆቹም እዚሁ ነው የሚተኙት።
ጓንቱን ሳታወልቅ ታጠብ፤ አውልቀህም ታጠብ።»
ከዚያ ዝም አለች፤ ትንሽ ቆይታ፣
«ለሰው ሰዓት ትንፋሽህን የምትይዝ ሰው፣
የራስህን እጅ ማን ይጠብቅልህ?»

ለእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር ጓንቱ።
በኋላ ነው የገባኝ፦ ጣቴ የሰዓት ዘይት አለው፣
የሳሙና ሽታ፣ የብር ኖት እድፍ፣
የገበያው ሁሉ ሰላምታ።
እሱ እኔን አቃጠለኝ፤
እኔ ደግሞ ስንት ጊዜ፣ ሳላውቅ፣ አቃጥዬው ይሆን?
መናገር ስለማይችል ታጥፎ ዝም አለ እንጂ።

ትናንት ማታ መብራት ጠፋ።
ፓምፑ ቆመ፤ ውሃው እንደ ሞተ ዓይን ረጋ።
ዚነት የስልኳን መብራት ያዘችልኝ፣
ያንን የላም ጓንት አጠለቅኩ፣
በጨለማ ባሕር አማሰልኩ፣
ቀስ ብዬ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ፣
እጄ ማዕበል ሆኖ።

መብራት ሲመጣ በሩ ተንኳኳ። ገመዳ ነው፣
ከመንገድ የገባ፣ እጁን የዘረጋ።
«እጄ እርጥብ ነው» አልኩና የእጄን አንጓ ሰጠሁት፤
እሱም አንጓዬን ጨብጦ ነቀነቀው፣
ቅር ሳይለው፣
እንደ አገሩ ደንብ።

ይኸው እኮ ነው፤ ድሮም የምናውቀው።
እጅ ሁልጊዜ መዳፉን አይሰጥም፤
አንዳንዱን ወዳጅ
በአንጓ ነው ሰላም የሚሉት።