አንድ ስንዝር

አሥራ አንዱንም ወንበር ነቅዬ ሳወጣ
ከሥራቸው ጉድ ነው ተጠርጎ የመጣ፦
የከረሜላ ወረቀት፣ የዛገ ሳንቲም፣
ያንድ ጆሮ ሎቲ፣ ባለቤት የላትም፣
የደረቀ ገረባ፣ የሕፃን ካልሲ፣ የታጠፈ ትኬት፤
ሃያ ሁለት ዓመት በደንገጎ ዳገት
ሰዉ እየከፈለ ሐረር እየወረደ
ኮተቱ ከኔ ጋር መመለስ ለመደ።

ሚኒባሷ ባዶ ሆና ቆመች ከኒሙ ሥር።
አንዴ ሳልኩኝ፤ ድምፄ ሰፍቶ ተመለሰ፣ የሌላ ሰው ይመስል።

ጣሂር አናጢው መጣ ከገንደ ቆሬ
እርሳሱን ከጆሮው፣ ሜትሮውን ከኪሱ መዞ፤
"ላንድ ሰው ነው ለሁለት?" አለኝ ጉልበቱን ይዞ።
መልስ አልነበረኝም።
ፈለቀች ሰኞ ለት "ቤት ያለው ሰው መኪና ውስጥ አያድርም" አለች፤
ማክሰኞም ደገመች፤
ረቡዕ ዝም አለች፣ ያ ከማክሰኞው ባሰ።
"ላንድ ተኩል" አልኩት።
ጣሂር ሳይስቅ ጻፈ፣ እርሳሱን በምላሱ እያራሰ።

እንጨቱ የባቡር ነው፤ የሦስተኛ ማዕረግ አግዳሚ፣
በጨረታ ወጥቶ፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ እኔ ዘንድ የደረሰ፣
ስንት መንገደኛ ያለሰለሰው፣ የስንቱን ላብ የጠጣ፤
በጀርባው በምስማር "ዘውዴ" ተብሎ ተጭሮበታል።
ዘውዴን አላውቀውም።
ጣሂር በመላጊያው ስሙን ሊያነሣው ሲቃጣ
"ተወው" አልኩት፣ "በታች በኩል ይሁን፤
ያሰበበት ያልደረሰ ሰው ይሆናል፣ አብሮን ይምጣ።"

የጎማው ጉብታ ከግራም ከቀኝም ገብቶ ያስቸግራል፤
የአልጋው እግር ይቆረጣል፣ ያጥራል፣ በሽብልቅ ይሞከራል።
ከሥሩ ክሪክ፣ ጀሪካን፣ ትርፍ ጎማ፤
ከላይ ኮምፔንሳቶ፣ ከዚያ ስፖንጅ፣
አንዱ ወገን በማጠፊያ የሚከፈት።
ቀትር ላይ ላሜራው የእጅ ቆዳ ይልጣል፤
ድሬ በሯን ዘግታ ትተኛለች፣ መዶሻም ትተኛለች፤
እኛም አልጋ ሠሪዎቹ
ምንጣፍ እንኳ ሳይኖረን፣ መሬት ላይ።

ሐሙስ ከአሱር ሰላት በኋላ የመጨረሻው ብሎን ጠበቀ።
ጫማዬን አውልቄ ተጋደምኩ።
ተረከዜ ከጣውላው አልፎ ወጣ፤ የኋላው በር አልዘጋ አለ፤
አንድ ስንዝር ጎደለ።
ጣሂር ሜትሮውን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ሜትሮውን።
"የኔ ጥፋት አይደለም" አለ። "ስለካህ ጎብጠህ ነበር፤
ሃያ ሁለት ዓመት መሪ ላይ!
ስትተኛ ተቃናህ።"

ባትሪዋ ሳቢያን ናት፣ ከኤሌክትሪክ ሠሪው ቤት፤
መኪናዋ ወዴትም አትሄድም።
ያን ሌሊት ግን ግድግዳው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሲተፋ
ፈለቀች መጣች፣ በነጠላ ጫማ፣ ትራሷን አቅፋ።
"ቤቱ አላስተኛ አለኝ" አለች። ሌላ ምንም። "ጠጋ በል።"
የተኩሏን ቦታ ሙሉ ያዘች፤ ግማሹ እኔ ሆንኩ።
አራት እግር በተከፈተው በር ወደ ውጭ ወጣ፤
ከደቻቱ አሸዋ በኩል ቀጭን ነፋስ መጣ።

"የት ደርሰናል?" አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።
"ደንገጎን ልንጨርስ ነው፤ አሁን ብርድ ይጀምራል።"
"እግሬን ግን ይሞቀኛል።"
"እግርሽ ገና ድሬ ነው።"
ሣቀች። ብሎኖቹ ከታች ተንጫጩ፤
ዘውዴም ሳይነቃ አልቀረ።

ነገ በጠዋት ጣሂር ይመጣል፣
ስንዝሯን ሊሞላ፣ ቁራጭ ጣውላ ይዞ።
ምን ብዬ ልመልሰው?