መገጭ የነካው እጅ

መንጠቆዬ መርፌ ነው፤ የእጅ መስፊያ መርፌ፣
በሻማ አግዬ፣ በጉጠት አጥፌ፣
ራሴ የሠራሁት። ሙያዬ ልብስ ስፌት፣
አዘዞ፣ አስፋልት ዳር፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት።
ስድስት ቀን በመርፌ ዓይን ክር ሳስገባ እውላለሁ፣
እሑድ በውኃው ዓይን ክሬን እሰድዳለሁ።

ያስተማረኝ ሰው ደርሶ ነው፤ አያ ደርሶ ዋሴ፣
የኤንትሬ ሾፌር የነበረ፣ የሱሴ
አባት። የመጀመሪያ ቀን ሸምበቆ አስይዞኝ
"ዝም በል" አለኝና ማታ ነው ያናገረኝ።
ምንም ሳልይዝ ገባሁ። ሚስቴ ቅርጫቴን አይታ
"ምን አመጣህ?" ብትለኝ "እንቅልፍ" አልኋት። ያን ማታ
እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ጥቅምት ላይ ደለሉ ይሰክናል፤ ውኃው ይጠራል፣
ጠጠሩ ከነዝንጉርጉሩ ከታች ይቆጠራል።
ቀረሶ ዓይናፋር ነው፤ ጥላህን አይቶ ይሸሻል፣
ፀሐይን ከፊት አድርገህ መንበርከክ ያሻል።
ቡሹ አንዴ ይነቀነቃል። ሁለቴ። "ጠብቅ፣
አትሳብ" ይላል ደርሶ። በሦስተኛው ሲጠልቅ፣
ምቱ በክሩ መጥቶ መዳፌን ሲመታ፣
ከማያውቁት ሰው ጋር በጨለማ ሰላምታ
መለዋወጥ ይመስላል።

ታኅሣሥ ጣት ይቆርጣል። ዓሣው ከዋርካው ሥር
ጥልቁ ውስጥ ተኝቷል፤ የሚነካም የለ ክር።
እኛም አንቀሰቅሰው። እሸት ሽምብራችንን
እየፈለፈልን፣ ጀርባችንን ለፀሐይ ሰጥተን፣
ስለ ፍሬን መበጠስ፣ ስለ ሊማሊሞ ጭጋግ…
ዓሣ ማጥመድ ግማሹ ዓሣን አለመፈለግ።

ሁዳዴ፣ ወንዙ ቀጥኖ ኩሬ ለኩሬ ሲቀር፣
"ዓሣ ይጾማል፣ አይጾምም" ብሎ ሰፈሩ ሲከራከር፣
ደርሶ አምባዛ አንጠልጥሎ ይመጣል ከነጢሙ፦
"ሽማግሌ ይዤ መጣሁ፤ ኑና ፊቱ ቁሙ!"

ግንቦትን አልወድም። ጎረምሳ ብርብራ ወቅጦ ይወርዳል፤
ዱቄቱ ሲነሰነስ ኩሬው እንዳለ ይታረዳል።
ጣት የማታህል ሳትቀር ነጭ ሆዷን ገልብጣ
ትንሳፈፋለች። አንድ ቀን ደርሶ ከቁጣ
ብዛት እጁ እየራደ ሙቀጫ ቀምቶ ገባ።
አሁንም አለ፤ ሚስቱ ተክላበታለች አበባ።

ሐምሌ መገጭ ሌላ ነው፤ ቀልቶ ግንድ ያንከባልላል፣
ድልድዩ ሲንቀጠቀጥ ከእግር እስከ ጥርስ ይሰማል።
ከጣና ነጭ ዓሣ ሽቅብ የሚመጣው ያኔ ነው፣
እንቁላሉን ተሸክሞ፣ ጎርፉን በግንባሩ እየገፋው።
ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይሞላል። ደርሶ ሸምበቆውን ይሰቅላል፦
"ምጥ ለያዛት ሴት መንገድ ይለቀቃል እንጂ ማን ይዘጋል?"
ድልድይ ላይ፣ በአንድ ጃንጥላ፣ ሁለት ሽበታም ቀበጥ፣
ከድፍርሱ ውስጥ አንድ የብር ጀርባ ብልጭ እስኪል፣ እስኪገለበጥ
እንቆማለን። "አየህ?" "አየሁ።"
ከዚያ ወዲያ እራት ባልበላ ግድ የለኝም፤ ጠግቤአለሁ።

አሁን ደርሶ አያይም። ዓይኑን ሞራ ጋረደው፣
ጉልበቱም ቁልቁለት እንቢ አለ። እኔ ነኝ የምወርደው።
ማታ ስመለስ ከዓሣው በፊት እጄን ይቀበላል፣
ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ጥቂት ዝም ይላል፦
"ቀረሶ። ከዋርካው በላይ።" "ልክ ነህ።" አንዴ ነው የሳተው፣
ሳሙና ነክቼ። ተቆጣኝ፦ "እጅህን ምን አጠበው?"

ባለፈው ነሐሴ፣ ዝናቡ ጋብ ያለ ዕለት፣
ድልድዩ ላይ ብቻዬን፣ ለአንድ ሰዓት፣ ለሁለት፣
ቆሜ ቆሜ ሄድሁ። ባዶ እጄን ሰጠሁት።
የነካሁት ነገር የለም፣ ከድልድዩ ብረት
በቀር። ገለበጠው። ጣት በጣት ዳሰሰው።
ጭቃም ዓሣም የለው።
ፊቱ ግን ፈካ። "መጡ፣ አይደል?" አለኝ ቀስ ብሎ፣ እንዳይሰማው
መረብ የያዘ ሰው።